ሌላ ካለ ይገለጽ

ሌላዋ ሴት ወዳጇን ከሩቅ በአረማመዱ ትለያለች፤ በሳሉ ትለያለች፤ በር በሚያንኳኳበት አኳኋን ትለያለች። እኔ አስረስን የለየሁት በሠንጠረዥ ሁለት ነው።

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። በዚህ ሰዓት ሀርጌሳ ሱቋን ዘግታ ታርፋለች። እኔ ግን መቶ አርባ የፈተና ወረቀት ታቅፌ ቢሮ ቀርቻለሁ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ድካሜም የዚያኑ ያህል ዕድሜ አለው። ሰው ሠላሳ አምስት ሲሞላው ይበስላል ይላሉ። እኔ በስዬ ይሁን አርሬ እንጃ።

ኢሜይሉ የደረሰኝ ያኔ ነው። ላኪው የጤና ጆርናላችን አርታኢ ዶክተር ዓብዲዋሀብ ነበሩ። «እድላዊት፣ ይህን ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ገምግመሽ ላኪልኝ። የደራሲው ስም እንደ ደንቡ ተሰውሯል» ይላል። በደንቡ መሠረት ገምጋሚ ደራሲውን አያውቅም፤ ደራሲም ገምጋሚውን አያውቅም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሀርጌሳን አላዩዋትም። እዚህ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ ትናንት በማን ባጃጅ እንደመጣሁ ታውቃለች።

ጽሑፉ በበርበራ መስመር ስለሚሠሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንቅልፍ ማጣት የሚያወራ ነው። ርዕሱን ሳየው ልቤ ደንገጥ አለ። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሌላም ሰው አይጠፋም ብዬ ራሴን አታለልኩና ማንበቤን ቀጠልኩ። ሠንጠረዥ ሁለት ላይ ስደርስ ማታለሉም አለቀ። ሠንጠረዡ ሾፌሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተኙበትን ቦታ ይዘረዝራል፤ ጋቢና ውስጥ፣ ከመኪናው ሥር፣ ጭነቱ ላይ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ «ቆሞ፣ ጉምሩክ ሰልፍ ላይ» ተብሎ አሥራ አንድ ሰው ተመዝግቧል። በዓለም ላይ «ቆሞ» የሚል ረድፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

አስረስ ስምንት ዓመት የዚሁ መስመር ሾፌር ነበር። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲያጣ መሪ ጨበጠ፤ ከበርበራ ወደብ ስንዴና ሲሚንቶ እየጫነ፣ ሀርጌሳን አቋርጦ፣ በቶጎ ውጫሌ ወደ አገር ቤት። ከሦስት ዓመት በፊት በርበራ መንገድ ላይ፣ ዳርቡዱቅ አጠገብ እየነዳ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ የግራር ቅርንጫፍ መስታወቱን ሰብሮ ገብቷል። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ የሚወርደው ጠባሳ ከዚያ የቀረ ነው። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ጋራዥ እየሠራ የማታ ማስተርስ ጀመረ።

የእኔን ትምህርት በተማረበት የመጀመሪያ ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተኛ። ጠረጴዛውን በማርከር መታሁት። ብን ብሎ ሲነቃ ሁለት እጁ መሪ ፈለገ፤ ቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ላብ እንዳጠመቀው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «የተኛ ሾፌር አይቀሰቀስም፣ መምህርት። በእኛ ዘንድ ነውር ነው» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምወደው ይመስለኛል። ሆኖም ውጤቱን ለሬጅስትራር አስረክቤ እስክጨርስ አንድ ብርጭቆ ሻይ አብሬው አልጠጣሁም። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

ሻይ ከጠጣን ስምንት ወር ሆነ። እወድሻለሁ ብሎኛል፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ የመለስኩለት «እሺ» ብዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ከአፌ የሚወጣው እሱ ብቻ ሆነ።

ይህ ጽሑፍ ለአስረስ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ክፍሉ ቃል ገብቶለታል፤ አንድ ጽሑፍ እስከ ጁን ሠላሳ በጆርናል ተቀባይነት ካገኘ የረዳት ተመራማሪነቱ ሥራ የእሱ ነው። ካላገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱም ወደ መሪው ይመለሳል። የድሮ መኪናው ባለቤት ኦብሲዬ በየሳምንቱ እየደወለ መቼ ትመለሳለህ ይለዋል። ጽሑፉን የት እንደላከ እንኳ ለእኔ አልነገረኝም፤ በአንቺ እጅ ተጻፈ እንዳይባል ብሎ አንዲት መስመር አላሳየኝም። ዕጣ ፈንታውን ግን ይኸው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ለማሳለፍ ዝግጁ ነበርኩ፤ እውነቱን ልናገር። እስከ ሦስተኛው ገጽ። እዚያ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ሲያስረዳ እንዲህ ይላል፦ «በመኪና ማቆሚያዎቹ የተገኙ ሾፌሮች በሙሉ ያለ ምርጫ ተጠይቀዋል።»

ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የነገረኝም ራሱ ነው።

ጥር ላይ አሕመድ ዳጋህ ሠፈር አንዲት ምግብ ቤት ሩዝ እየበላን ነበር። ከጥናቱ ገና መመለሱ ነው። «ሦስት መቶ ያህል ሾፌር አገኘሁ» አለኝ። «መቶ የሚሆኑት ተኝተዋል። ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው፣ ጫማቸውን ተንተርሰው። አንዱን ልቀሰቅስ እጄን ዘረጋሁ። አልቻልኩም፣ እድል። ያቺን እንቅልፍ በስንት ቀኑ እንዳገኛት አውቃለሁ። የነቁትን ብቻ ጠይቄ ተመለስኩ።»

ማንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስህተቱን ያየዋል። ስለ እንቅልፍ እየጠየቁ የተኙትን መዝለል፣ ስለ ረሃብ እየጠየቁ የሚበሉትን እንደ መዝለል ነው። ታዲያ እኔ መምህርቷ ያን ቀን ምን አልኩ? ምንም። እጄን እጁ ላይ አኖርኩ። ይህን የመሰለ ልብ ያለው ሰው አገኘሁ ብዬ እንባዬ መጣ እንጂ ስታቲስቲክስ ትዝ አላለኝም። የጥቅም ግጭት የሚሉት ነገር ዛሬ በኢሜይል የመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ከጥር ጀምሮ ከሩዙ ሳህን አጠገብ ተቀምጦ ኖሯል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ፈተናም አላረምኩም። ድካም ስል የከረምኩት ያልተናገርኩት ነገር ሸክም እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ።

* * *

31 ሜይ በሚባለው ሠፈር ቤት የምጋራት ደብሪቱ ትባላለች። አንድ ነጋዴ ቤት ታበስላለች፤ እቤት ስትመጣ ደግሞ እኔን ታበስለኛለች። ስም ሳልጠራ ጀመርኩላት፤ አንድ ጽሑፍ መጣልኝ፣ ጻፊውን ሳላውቅ አልቀረሁም ብዬ። አላስጨረሰችኝም።

«አስረስ ነዋ! ታዲያ ምን ያስተክዝሻል? እለፍ ብለሽ ፈርሚለት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«ሹመት አይደለም፣ ደቤ። ዳኝነት ነው።»

«እሱ መሪ ላይ ተኝቶ ገደል ቢገባ ዳኝነትሽ ይቀብረዋል?»

ስልኬን አንስቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ስልኬ ላይ የእናቴ የድምፅ መልእክት ከእሑድ ጀምሮ ተቀምጧል። እናቴ ወይዘሮ ወርቅውሃ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ድምፅዋ እስካሁን ደወል ይደውላል። «እድላዊት፣ የሰማሁት እውነት ነው ወይ? አባትሽ ስንት ዓመት በችሎት የተቀመጠ ዳኛ ነበር። የዳኛ ልጅ ለሾፌር? ለጎረቤት ምን ልበል?»

አባቴን ባታነሳው ይሻላት ነበር። አባቴ የታናሽ ወንድሙ የመሬት ክርክር ችሎቱ ላይ የመጣ ቀን መዝገቡን ዘግቶ ተነሳ። ሌላ ዳኛ ይየው አለ። አጎቴ ተረታ፤ ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት ድረስ ቤታችን እህል አልቀመሰም። ልጅ ሆኜ ለምን አልፈረድክለትም ብዬ ጠይቄው ነበር። «የሚወዱትን ሰው መዳኘት አይቻልም፣ ልጄ። ብትፈርጂለትም ብትፈርጂበትም እጅሽ ንጹሕ አይሆንም» አለኝ። አጎቴ ለቀብሩ ሲመጣ እንዴት እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ። ንጹሕ እጅ እንዲህ ብቻውን እንደሚቀር አባቴ አልነገረኝም።

* * *

ዶክተር ዓብዲዋሀብ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። አማርኛን በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ ተምረውታል፤ ከእኔ ጋር ሲሆኑ ሊያወሩት ይወዳሉ።

«ያን ጽሑፍ መገምገም አልችልም» አልኳቸው።

«ጊዜ የለሽም?»

«ጊዜስ አለ። ደራሲውን አውቀዋለሁ።»

ሳቁ። «ወላሂ እድላዊት፣ እዚህ ከተማ ደራሲውን የማያውቅ ገምጋሚ ብፈልግ ጆርናሉን ዘግቼ ፍየል እነግዳለሁ። ማወቅ ብቻውን አያስወጣም።»

«ማወቅ ብቻ አይደለም።»

ሳቃቸውን ሰበሰቡ። ከመሳቢያቸው አንድ ገጽ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። ከደራሲው ጋር ያለዎትን ግንኙነት ያመልክቱ ይላል፤ ከሥሩ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የሥጋ ዝምድና። ጋብቻ። የገንዘብ ጥቅም። የጋራ ምርምር። የቆየ ጠብ። ጠብ እንኳ ሳጥን አለው! የእኔ ነገር የሚገባበት ሳጥን አጣሁ። እታች አንድ ነጠብጣብ መስመር ነበር፤ «ሌላ ካለ ይገለጽ።»

በእንግሊዝኛ ጀመርኩት። ሰረዝኩት። በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ደራሲውን እወደዋለሁ። ለእሱ ገና አልነገርኩትም። ከእሱ በፊት ለእርስዎ በመንገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ስምንት ወር ከአፌ አልወጣ ያለው ነገር በአንድ ደቂቃ መስመሩን ሞላው።

ዶክተሩ ቀስ ብለው አነበቡት፤ ፊደሉን እየቆጠሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘጠኝ ዓመት አርታኢ ሆኛለሁ» አሉ። «ግጭት የለብኝም ብሎ ፈርሞ የእህቱን ልጅ ጽሑፍ ሲያወድስልኝ የኖረ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ግን አልደረሰኝም።» ቅጹን አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱት። «አዲስ ገምጋሚ ለማግኘትና መልስ ለመቀበል አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» ጁን ሠላሳ ሊሆን የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

«ስለ ጽሑፉ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

የተኙት መቶ ሰዎች ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። የሰማሁት ግን በገምጋሚ ጆሮ አይደለም። «ቢኖርም ከእኔ መምጣት የለበትም» አልኩ።

አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ከሚመጣበት ይምጣ።»

«የወጣሁት እኔ መሆኔን ልነግረው እችላለሁ?»

«አሁን ገምጋሚ አይደለሽም። ልብሽ የራስሽ ነው፣ እድላዊት።»

ስወጣ ቀለለኝ ልል ነበር። አልቀለለኝም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

* * *

ሐሙስ በአሥር ሰዓት ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ተገናኘን። የሰኔ ነፋስ አቧራውን ከመንገድ እያነሳ ብርጭቆአችን ውስጥ ይጨምራል። አስረስ እጁን ሳይታጠብ ነው የመጣው፤ ጣቶቹ ግራሶ ናቸው። ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

«እስቲ እዪው።»

ከጆርናሉ የተላከ ነው። «ከገምጋሚዎቹ አንዱ የጥቅም ግጭት ስላለበት ራሱን አግልሏል። አዲስ ገምጋሚ እየተፈለገ ስለሆነ ውሳኔው ይዘገያል።»

«ሲያልቅ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር የደበቅኩሽ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «አለቀልኝ እንጂ። ያረጋል ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? እሱም ለዚያች ቦታ አመልክቷል። ጽሑፌ እጁ ሲገባ ቀኑ እንዲያልፍብኝ ብሎ ወጣ።»

ያረጋል አብሮት የተማረ፣ ለማንም ክፉ የማያስብ ልጅ ነው። ዝም ብል ጥፋቱን እሱ ይሸከምልኝ ነበር። አንድ ጉንጭ ሻይ ጠጣሁ፤ አቧራ አቧራ አለኝ።

«ያረጋል አይደለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ።»

አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ከመንገድ ዳር የቆመ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ?»

«አላስወጣሁህም። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

«ልዩነቱ ለማን ነው? አንድ ፊርማ፣ እድል! አንድ! ስምንት ዓመት መንገድ ላይ፣ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም አንዲት ፊርማ ላይ ደርሶ… ሌላ ሰው እንኳ ቢሆን ያሳልፈኝ ነበር።»

«ሌላ ሰው ስላልሆንኩ ነዋ!»

«ታዲያ ምኔ ነሽ?» ድምፁ ከፍ ሲል ባለ ሻይ ቤቱ ዞር አለ። «ሦስት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ሦስት ጊዜ እሺ ብለሽኛል። እሺ! ማመልከቻ እንደተቀበለች ጸሐፊ!»

ልክ ነበር። ልክ ስለነበረ ነው ወደማይገባኝ ቦታ የሸሸሁት። «የተኙትን ለምን አልጻፍካቸውም?» አልኩት።

ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«መቶ ሰው ተኝቶ ነበር ብለኸኛል። ጽሑፉ ሁሉም ተጠይቀዋል ይላል።»

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ያንን የነገርኩት ለአንቺ ነው» አለ፤ ድምፁ ወርዶ በጭንቅ ነው የተሰማኝ። «ለገምጋሚ አልነገርኩም።»

«አውቃለሁ! ለዚህ እኮ ነው የወጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ያኔ ጥር ላይ ልነግርህ ይገባ ነበር። እጅህን እያየሁ ረሳሁት።» እንባዬን መያዝ አቃተኝ። «ግን አስረስ፣ እኔ የምወ…» ቃሉ ግማሽ ላይ ተሰናከለ። ዛሬም ተሰናከለ። «እኔ የማውቀው አስረስ የተኛ ሰው አልቀሰቅስም ብሎ የተመለሰው ነው። ያ ሰው ጽሑፉ ውስጥ የለም። ሰርዘኸዋል።»

ተነሣ። በግራሶ እጁ ፊቱን ጠረገ፤ ጠባሳው ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። አንቺ ሲለኝ የኖረው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «አመሰግናለሁ፣ መምህርት» አለኝ። «እርስዎ ደንቡን ጠብቀዋል።»

እርስዎ አለኝ። መንገዱን ተሻግሮ ጋራዡ ውስጥ እስኪገባ አየሁት። ብርጭቆው ገና ትኩስ ነበር፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ተቀመጥኩ።

* * *

ሃያ አንድ ቀን አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ፈተናዬን አረምኩ፤ ውጤት አስገባሁ። ጁን ሠላሳ መጥቶ ሄደ። ደብሪቱ እንኳ ማሾፏን ተወች፤ ደብሪቱ ካላሾፈች ቤቱ ውስጥ በሽተኛ አለ ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት መልእክቱ ስልኬ ላይ ገባ፤ ረጅም ነበር።

«እድል፣

ከበርበራ ነው የምጽፍልሽ፤ ጭነት እየጠበቅኩ። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። የኦብሲዬን መኪና ተቀብያለሁ። ቦታው ለያረጋል ተሰጠ። በሐሰት ስለጠረጠርኩት አፌን ሞልቼ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ከተለያየን በሦስተኛው ቀን ለዶክተሩ ጻፍኩ። መቶ አራት ሾፌሮች ተኝተው ስለነበር አልጠየቅኳቸውም፤ ሁሉም ተጠይቀዋል ያልኩት ሐሰት ነው አልኳቸው። እውነቱን ብጽፍ የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ ሾፌር ምርምር ሲያደርግ እንዲህ ነው እንዳይሉኝ። እሳቸው ግን ‹የተኙትን ጠይቅና መልሰህ ላክ› አሉኝ። ተኝተው እንዴት ልጠይቃቸው ብል ‹እስኪነቁ ጠብቃቸዋ!› አሉ። አየሽ፣ ማስተርስ ተምሬ ይህችን አላሰብኳትም። አሁን በየማቆሚያው በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ያኔ ያለፍኳቸውን ባላገኝ እንኳ የእነሱ ቢጤ ሞልቷል። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው ነቅቶልኛል።

ተቆጥቼብሽ ነበር። አሁንም ትንሽ አለ፤ ዳገት ላይ ይመጣና ቁልቁለት ላይ ይተወኛል።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ለመውጣት ፎርም ይሞላል አሉ። ምን ብለሽ እንደሞላሽ ዶክተሩን ጠየቅኳቸው። ‹ራሷን ጠይቃት› ብለው ሳቁ። ምን ቢሆን ነው የሚያስቃቸው?

ዓርብ ሀርጌሳ እገባለሁ። ከሰዓት በኋላ በቶጎ ውጫሌ መውጫ ያለው ማቆሚያ ነኝ። ሲመሽ እነሳለሁ።»

አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩና፣ «አዎ እማዬ፣ ሾፌር ነው» አልኳት። «ጾም ይጾማል?» አለችኝ በመጨረሻ። ከእናቴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዓርብ ደብሪቱ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ እጄ ላይ አኖረች። «ለሾፌርሽ። ደግሞ እሺ ብለሽው ብትመለሺ በሩን አልከፍትልሽም።»

ባጃጁ ማቆሚያው ላይ ሲያወርደኝ ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ነበር። ሃያ ያህል መኪና ተደርድሯል። መንገድ ላይ ቃሌን ሳጠና ነው የመጣሁት፤ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር፣ ልክ ቅጹ ላይ እንዳሉት። የኦብሲዬን መኪና አገኘሁት። አስረስ ከሥሩ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ጫማውን ተንተርሶ ተኝቷል። ደረቱ ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ መጠይቆች አሉ፤ አጠገቡ በርጩማ።

ከጎኑ ባለው መኪና ጎማ የሚፈትሽ ዒሴ የሚባል የሀርጌሳ ሾፌር ቀና አለ። በተሰባበረ አማርኛ፣ «ሁለት ቀን አልተኛ» አለኝ። «ቀስቅሽ። ሚስት ከሆነ ይፈቀዳል።»

«ሚስቱ አይደለሁም።»

«እህት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

ይኸው ፎርሙ እንደገና መጣ። «ሌላ» አልኩት። ዒሴ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የግራሶው ጥፍር፣ የጠባሳው መስመር፣ በትንሹ የተከፈተው አፉ። ሲመሽ ይህ ሰው መሪ ይይዛል፤ እኔ ያንን መንገድ ላስቀርለት አልቻልኩም። ላስቀርለት እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። አሁን ልሰጠው የምችለው እንቅልፉን ብቻ ነው። እጄን መለስኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ቃሌ ይጠብቃል። እሱም ስምንት ወር ጠብቋል።

የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ዒሴ ውሃ ይዞ ሄደ። ጥላው ከጎማው ላይ እየሸሸ ወደ እግሬ መጣ። ድንገት አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። የአስረስ እጆች ተነሥተው አየሩ ላይ መሪ ፈለጉ፤ ቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ። በሁለት እጄ እጁን ያዝኩት።

«ቆሟል» አልኩት። «አስረስ፣ መኪናው ቆሟል።»

ትንፋሹ እስኪመለስ አየኝ። «መጣሽ?»

«ፎርሙ ላይ የጻፍኩትን ልነግርህ።»

«ንገሪኝ።»

ያጠናኋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጠፉብኝ። «እወድሃለሁ» አልኩት። «እሱን ነው የጻፍኩት። ከአንተ በፊት ለዶክተሩ ስለነገርኩም እዚያው ይቅርታ ጠይቄአለሁ።»

የጠባሳው ጫፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«እሺ» አለኝ።

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ለመነሻው ገና ሁለት ሰዓት ነበረው። እጄን አልለቀቀኝም፤ እኔም አልቀሰቀስኩትም።